የተለቀሰበት ፊት

ሙሄዲን የምሥራቹን ይዞ የመጣ ዕለት አትጠገብ እልል ከማለቷ በፊት እጇን ወደ ጉንጯ ሰደደች። ባሏን ስለማትወድ አይደለም። ትወደዋለች፣ ያውም ሰው እስኪታዘባት ድረስ። ግን እጅ አንዳንድ ጊዜ ከልብ ይፈጥናል፤ የእሷም እጅ የፈጠነው በግራና በቀኝ ጉንጯ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ወደ ታች የወረዱትን ጠባሳዎች ለመሸፈን ነው።

ሙሄዲን በአሰብና በኮምቦልቻ መካከል በሚመላለሱት የጣሊያን ካሚዮኖች ላይ ዕቃ የሚጭንና የሚያወርድ የቢስቲማ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን በፊት አይታው አታውቅም። ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ሲጠይቅ ውሎ፣ ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ «የቆዳ ነጋዴው የሞላልኝ ቤት ይኸ ነው?» አለ።

«ነበር» አለች አትጠገብ።

«ነው በይ እንጂ! ወላሂ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አሰብ ነው ያለ። ታስሮ ጨው ሲዝቅ ከርሞ አሁን ፈተውታል። ‹ሚስቴ አትጠገብ ትባላለች፣ አለሁ በልልኝ› ብሎ ልኮኛል። ከዛሬ አምስተኛው ማክሰኞ በእኛ ካሚዮን ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ኢንሻአላህ።»

አትጠገብ የምታውቀው ሌላ ነው። ሞላልኝ ሞቷል። ይህን ሰኞ ገበያ በሙሉ ያውቃል። በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ፣ ከሰሜን ጦር የተረፈ አንድ የሰፈር ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ ብሎ ምሎ ተገዝቶ ተናግሯል። ድንኳን ተጥሏል፣ አርባው ወጥቷል፣ ተዝካሩ ተበልቷል። እሷም ፀጉሯን ተላጭታ ሁለት ዓመት ሙሉ ከል ለብሳለች። አሁን ያ ሁሉ የተደረገለት ሰው ጨው በጫነ ካሚዮን ይመጣል ተባለች። ቆማ ሙሄዲንን ስታየው፣ ሰውየው ግራ ገባውና «ውሃ እንኳ አትሰጭኝም?» አለ።

ውሃውን ሰጠችው። እልልታው የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ እሱም ግማሹ ለቅሶ ሆነ።

የጠባሳው ነገር እንዲህ ነው። ሞላልኝ ስንቅ ጭኖ ከጦሩ ጋር ሊዘምት በቅሎውን ሲያጠባብቅ፣ ከጎኗ ቆማ ታቀብለው ነበር። «ስሚ» አላት የጭነቱን ገመድ እየጎተተ፤ «ጦር ሜዳ ወሬ ይበዛል። ሞተ ቢሉሽ ፊትሽን እንዳትነጪ። እኔ የተቧጨረ ቆዳ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።» ሳቀች። «ማዪልኝ» አላት። «ሞላልኝ ይሙት!» አለች። ሌላ የምትምልበት ሰው አልነበራትም፤ ልጅ አልሰጣቸውም፣ እናትና አባቷም አልፈዋል።

መርዶው የመጣ ዕለት መሐላዋን አልረሳችም። አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ፊቷን ግን አልነካችም። ድንኳኑ ውስጥ የሞላልኝ ታላቅ እህት ወርቅአፈራሁ ለሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «እዩልኝ የወንድሜን ሚስት! ጉንጯ እንደ ሙሽራ ነው! ይኼ ነው ሐዘኗ!» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ያን ጊዜ አትጠገብ አሥር ጣቷን ፊቷ ላይ ከትታ ወደ ታች ሳበችው።

ሞቷል በተባለ ጊዜ መሐላው ብዙም አልከበዳትም። የሞተን ሰው መሐላ መልሶ አይገድለውም። አሁን ግን ሰውየው አለ። ያለን ሰው ደግሞ መሐላ ሊያገኘው ይችላል፤ ምናልባትም አሰብና ኮምቦልቻ መካከል ባለው በረሃ ላይ። ይሙት ብላ ምላ አፍርሳለችና ሞላልኝ ቢሞት ገዳዩ እሷ ናት።

ነገሩን ለንስሐ አባቷ ለአባ ቀለሙ ወሰደችው። አባ ቀለሙ ጺማቸውን ይዘው ሰሟት፤ ደግመሽ ንገሪኝ አሏት፤ ደግማ ነገረቻቸው።

«እንግዲህ ስትምዪ ሰውየው በሕይወት ነበር» አሉ አንድ ጣታቸውን አጥፈው።

«አዎ አባ።»

«መሐላውን ስታፈርሺ ሞቶ ነበር።»

«ሞቷል ብለውኝ ነበር።»

«ግን አልሞተም።»

«አልሞተም አባ።»

«ስለዚህ ያፈረስሽው...» ሦስተኛውን ጣታቸውን ሊያጥፉ ጀምረው መልሰው ዘረጉት። «እስቲ መጽሐፍ ልመልከት። ለማንኛውም ግን በቀን አርባ አርባ ስገጂ።»

አርባው ስግደት ለነፍሷ ምን እንዳደረገላት አይታወቅም። ለግንባሯ ያደረገላትን ግን ሰው ሁሉ አየው፤ በሳምንቱ ድንጋዩ ልጦት ቀላ።

በመጨረሻ የራሷን ዘዴ አገኘች። ሞላልኝ ሳይመጣ ጠባሳው ከጠፋ፣ ፊቷ አልተነጨም ማለት ነው፤ ፊቷ ካልተነጨ ደግሞ መሐላው አልፈረሰም። ይህ ሐሳብ የት ላይ እንደሚያነክስ እሷም ልቧ ያውቀዋል። ቢሆንም ሌላ ሐሳብ ስላልነበራት ይህንኑ ያዘች። ሌላም ነገር አለ፤ ሞላልኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆዳ ሲገለብጥ የኖረ ሰው ነው። እሾህ የጫረውን፣ ጅራፍ ያገኘውን፣ ቢላ የሳተውን አንድ ጊዜ ዳሰስ አድርጎ ይነግርሃል። እሱን በጥላ ወይም በነጠላ ጥግ ማታለል የማይታሰብ ነው።

ስለ ፊት አያያዝ አትጠገብ የምታውቀው እናቷ ያስተማረቻትን ነው፤ እናቷም ያስተማረቻት በሃያ ዓመቷ፣ ለሙሽርነቷ ነበር። ጠዋት ለጋ ቅቤ፣ ማታ እርድ በማር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ወይባ። የወይባው ወግ ብዙ ነው። ጓዳው ጥግ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይማስና ፍም ይገባበታል፤ በፍሙ ላይ የወይባ እንጨት ይጨመራል፤ ሴትየዋ ገላዋን በሙሉ ቅቤ ተቀብታ በጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጥና ቡልኮ ትደርባለች። ላቧ ጠብ ጠብ እስኪል ትታጠናለች። ስትነሣ ጠቁራ ነው የምትነሣው። ያ ጥቁረት በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ተፈግፍጎ ሲለቅ ከሥሩ የሚወጣው ገላ ለስላሳና ቢጫ ነው። በሃያ ዓመቷ ያ ነገር ጉድ ሠርቶላት ነበር። ሞላልኝ ከሠርጉ በኋላ ሳምንት ሙሉ ቆዳ ሊገዛ ሳይወጣ ቀርቶ መሣቂያ እስኪሆን ድረስ።

እናቷ ፊት ብዙ አይታጠንም ትል ነበር። አትጠገብ ግን ችግሯ ያለው ፊቷ ላይ ስለሆነ አንገቷን አቀርቅራ ፊቷን ጭሱ ውስጥ ከተተችው። በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ታጠነች። ቅቤውን ቀባች፣ እርዱን መረገች፣ የለቀቀውንም ያለቀቀውንም ፈገፈገች። ጨርሳ መስተዋቷን ስታነሣ ጉንጯ ተሰነጣጥቆ፣ አፏ ዙሪያ የማታውቀው መስመር ወጥቶ፣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ጠባሳዎቹ ደግሞ ከበፊቱ ጠቁረው አየቻቸው።

ግራ ገባት። እንጨቱ ያው ወይባ ነው። ቅቤው ያው ለጋ ነው። ጉድጓዱ እንኳ ያው የድሮው ጓዳ ውስጥ ነው። የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው።

«አንሶ ነው» አለች ወርቅአፈራሁ፣ መስተዋቱን ከእጇ ወስዳ የራሷን ጥርስ እያየችበት። ወንድሟ አለ ከተባለ ወዲህ ወርቅአፈራሁ ድንኳን ውስጥ የተናገረችውን ነገር ጨርሳ ረስታዋለች። «ጨምሪበት እንጂ። ወንድሜ እንዲህ ሆነሽ ሲያይሽ ምን ይላል?»

አትጠገብ ልትመልስላት የፈለገችው ብዙ ነበር። «እሺ እትዬ» አለች፤ ለራሷም እስኪገርማት።

በማግስቱ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው ብላ ወደ ሰኞ ገበያ ወጣች። ወይባ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና እንሶስላ የምትሸጠው ሸሪፋ ከወትሮ ቦታዋ ተቀምጣለች። ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ፊቷ ላይ መስመር የሌለበት ቦታ የለም፣ ግን ደረቅ አይደለም።

«እትዬ ሸሪፋ፣ የሰጡኝ ወይባ አይደለም» አለቻት አትጠገብ ሰላም እንኳ ሳትል።

«ምን አልሽ?»

«ሌላ እንጨት ነው። ፊቴን አቃጠለኝ።»

«ልጄ ከቢስቲማ ቆላ በገዛ እጇ ቆርጣ ያመጣችውን!» ሸሪፋ ልትቆጣ ነበር፤ ቀና ብላ ስታያት ቁጣው ጠፋባት። «እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙሪልኝ። ያ ረቢ! ምን አደረግሽው? ቋንጣ ነው እንዴ የምትሠሪ?»

አትጠገብ እዚያው ከቅርጫቶቹ መካከል ተቀመጠች። ከዚያ ከእልልታው ቀን ወዲህ እንባ የመጣላት ያን ጊዜ ነው።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አለች ሸሪፋ።

«አርባ ስድስት።»

«ወይባ ምን የሚሠራ ይመስልሻል? ወዝን ነው ጎትቶ የሚያወጣ። በሃያ ዓመትሽ ወዝ ሞልቶሽ ነበር፤ ቢያወጣው ሌላ ይተካል። አሁን ከየት አምጥቶ ያውጣ? ወዙን ሲያጣ ቆዳሽን ጎተተው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ማውጣቱን ተይና ማስገባቱን ያዥ። ጭሱን ለወገብሽ ለእግርሽ አድርጊው፤ ፊትሽን ግን አታሳይው። መፈግፈግ ይቅር። ተልባ ዘፍዝፈሽ ያን ዝልግልጉን ጠዋት ጠዋት ተቀቢው፤ ደረቅ ሲል በለብታ ውሃ ልቀቂው። ማታ ሰሊጥ ዘይት፤ ጥቂት፣ በሁለት ጣት። በሳምንት አንድ ቀን ማር ያለ እርድ። ፀሐይ ላይ ስትወጪ ተሸፈኚ። በቃ።»

«ጠባሳውስ?»

ሸሪፋ አብሹን በእጇ እያፈሰች መልሳ አፈሰሰችው። «ጠባሳው አይጠፋም፣ እህቴዋ። ዙሪያው ይለሰልሳል እንጂ አይጠፋም።»

«መጥፋት አለበት!»

ከዚያ የመሐላውን ነገር ነገረቻት። ሸሪፋ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣ «ሰው በአጀሉ ነው የሚሞት» አለች። «አላህ የጻፈለት ቀን ሳይደርስ አንቺ በምላስሽ አትገይው። አብሽሪ፣ ሂጂና ተልባሽን ዘፍዝፊ።»

አትጠገብ ከሁለቱ ምክር አንዱን መያዝ ነበረባት። ሁለቱንም ያዘች። ጠዋት ሸሪፋ እንዳለቻት ተልባ ትቀባለች፤ ከሰዓት በኋላ ወርቅአፈራሁ መጥታ ፍሙን ስታራግብ ደግሞ እምቢ ማለት ያቅታትና ትታጠናለች። ጠዋት የለሰለሰው ማታ ይደርቃል። ፊቷ ከማን ጋር እንደሚያብር አላወቀም። አባ ቀለሙም መጽሐፉን ገና እየተመለከቱ ነው።

ያወጣት ሁዳዴ ነው። ጾሙ ሲገባ ቅቤ መብላትም መቀባትም ቀረ፤ ያለ ቅቤ ደግሞ ወይባ እንደማይሆን ወርቅአፈራሁም ታውቃለች። «እንግዲህ ጾሙ ነው» ብላ ፍሙን ተወችው። ተልባና ሰሊጥ የጾም ነገር ናቸው፤ የሚከለክላቸው የለም። አትጠገብ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእነሱ ብቻ ከረመች። ስትሰግድም ግንባሯ የሚያርፍበት ላይ እራፊ ጨርቅ ማንጠፍ ጀመረች። የተሰነጣጠቀው ገጠመ፤ ቅላቱ ጠፋ፤ ጉንጯን ስትነካው ጣቷን አልቧጥጥ አለ። ጠባሳዎቹም ፈዘዙ፣ ገረጡ። በየጠዋቱ ትቆጥራቸዋለች። ስድስት። አንዱ እንኳ ቢቀንስ ብላ ብርሃን ቀይራ ትቆጥራለች። ስድስት።

አንድ ቀን ጠዋት መስተዋቱን ይዛ፣ ይህች ሴት ማን ናት አለች። ሙሽራዋ አይደለችም። ያቺ ድንኳን ውስጥ ደም የነካት ሴትዮም አይደለችም። ሞላልኝ የተለያት በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ልትመልስለት ስትታገል የቆየችው የሃያ ዓመቷን ፊት ነበር። የአርባ ሦስቱ ምን ይመስል እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች። ጨርሶ አልመጣላትም። እኔ ካላስታወስኩት እሱስ ምን ብሎ ያውቀኛል ብላ ፈራች። ፍርሃቷ አሁን ሁለት ሆነ፤ እንዳይሞትባትና እንዳያውቃት።

ማክሰኞው ደረሰ። ወርቅአፈራሁ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ አልቻለችም፤ ቤት ሆና ሽሮውን እየሠራች ልትጠብቅ ተስማሙ። «እቤት እስክትደርሱ ድረስ ተሸፋፈኚ» አለቻት ስትሸኛት። አትጠገብ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ከደስታዋና ከፍርሃቷ የተነሣ ሰሊጡን በሁለት ጣት ሳይሆን በመዳፏ ሙሉ አድርጋ ለቀለቀችው።

ሥራው ግን እዚያ ላይ ተበላሸ። መንገድ የሚሠሩት ሰዎች በየቁልቁለቱ አፈር ሲገለብጡ፣ ካሚዮኑም ሲወጣ ሲወርድ፣ አቧራው እንዳለ መጥቶ ዘይቱ ላይ ተለጠፈ። ኮምቦልቻ ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። የቆላው ሙቀት ዘይቱን አቀለጠው፤ ላቡም ተጨመረበት። አንዲት መንገደኛ ሴት አይታት «እቴ፣ ጭቃ ላይ ወድቀሽ ነው?» አለቻት። አትጠገብ ወደ ቦርከና ወንዝ ወርዳ ፊቷን አጠበች። አቧራውም ዘይቱም የአምስት ሳምንቱም ድካም ሄደ፤ የቀረው ባዶ ፊቷ ነው። ቀና ስትል ሙሄዲን ከዳር ሆኖ «መጡ! መጡ! ነይ!» እያለ ይጣራል። ሌላ የምትቀባው ነገር አልያዘችም፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ ሮጠች።

ካሚዮኖቹ ሦስት ነበሩ። ሰዎቹ ከጨው ጆንያ ላይ አንድ በአንድ ሲወርዱ፣ የሚጠብቃቸው ሰው እየተንጠራራ ያያል። አትጠገብ የምትፈልገው ደንደን ያለ፣ ቀይ ዳማ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አልወረደም። ሁሉም የከሱ፣ የጠቆሩ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ናቸው። አልመጣም፣ በረሃው ላይ ቀርቷል፣ መሐላው አግኝቶታል ብላ ልትጮኽ ስትል አንዱ የከሳ ሰው አጠገቧ ቆሞ «አትጠገብ» አለ።

ድምፁ የሞላልኝ ነው። የቀረው ሁሉ የማን እንደሆነ አላወቀችም። የእጁ ጀርባ በጨው ተልጦ ተልጦ ዳር ዳሩን ነጭ ሆኗል፤ ግንባሩ ላይ ቆዳው በየቦታው ተነሥቷል። እሷ በመስተዋት ፊት ስትጨነቅ የእሱ ቆዳ ምን እየሆነ ይሆን ብላ አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም። ያን ጊዜ አፈረች።

ሞላልኝ እጁን ዘርግቶ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠው። ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታው ግን ሲያያት ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማን ነው?» አለ።

«ምኑ?»

«ማን ሞተብን?»

እሱ ከኋላዋ ተመለከተ፤ ግራ ቀኝ ተመለከተ። «እትዬ የት አለች? እትዬ ለምን አልመጣችም?»

«እትዬማ...» አለች አትጠገብ፣ ስለ ጉልበቷ ልትነግረው።

እስክትጨርስ አልጠበቃትም። «ወይኔ እህቴን!» ብሎ ደረቱን መታ። «ወይኔ እናቴን! ያሳደገችኝን!» ድምፁ አደባባዩን ሞላው። ዘመዶቻቸውን ሊቀበሉ የመጡት ሁሉ ዞሩ፤ ከበቡት። በዚያ ዘመን የሚያለቅስለት ሰው የሌለው ማን አለ? አንዷ ለባሏ፣ አንዷ ለልጇ፣ ሁሉም ያቆየውን እንባ ለቀቀው። ሙሄዲን ቆቡን አውልቆ «ኢና ሊላሂ» አለ። ሁለት ሴቶች ፊቷን እንዳትነጭ የአትጠገብን እጅ ግራና ቀኝ ያዟት።

«ደህና ናት!» ብላ ጮኸች አትጠገብ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሏት ሴቶቹ፤ የሐዘንተኛ ቅዠት መስሏቸው ይበልጥ አጥብቀው ያዟት።

«ደህና ናት እላለሁ! ሞላልኝ! ቤት ናት! ሽሮ እየሠራች ነው!»

ያቆመው ሽሮው ነው። ሞላልኝ የተነሣ እጁን አየር ላይ እንዳለ አቆየው። «ሽሮ?»

«ጉልበቷን አሟት ነው የቀረች። ሽሮ እየሠራች ትጠብቅሃለች።»

ሴቶቹ እጇን ለቀቁ። ሞላልኝ እንባውን በክንዱ ጠርጎ ተጠጋት። ጉንጯን አተኩሮ አየ። «ይኼ ታዲያ ምንድን ነው? አሮጌ ነው፤ ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ለማን ነው የነጨሽው?»

ሰው ሁሉ ይጠብቃል። የምትሸሸግበት ቦታ የለም፤ ነጠላዋ እንኳ እሱ እጅ ውስጥ ነው።

«ለአንተ» አለች።

«ለእኔ?»

«ሚያዝያ ላይ ሞትክ።»

ከበው የነበሩት ሰዎች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሙሄዲን ቆቡን መልሶ አደረገ። ሞላልኝ የወረደ የጨው ጆንያ ፈልጎ ቁጭ አለ። የራሱን ሞት አሁን ገና የሰማ ሰው ነውና ጥቂት ጊዜ አስፈለገው።

አትጠገብ ግን መጠበቅ አልቻለችም። በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «መሐላውን አፈረስኩት። ሞላልኝ ይሙት ብዬ ምዬ አፈረስኩት። እንዲጠፋ ያላደረግኩት የለም፤ በወይባ፣ በተልባ... አልጠፋም። አሁን በእኔ የተነሣ ትሞትብኛለህ።»

«የምን መሐላ?»

«ፊትሽን አትንጪ ብለህ ያስማልከኝ! በቅሎ ስትጭን!»

ሞላልኝ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። የእውነት አሰበ፤ ሊያስታውስላት እንደፈለገ ያስታውቃል። «እኔ ነኝ ያልኩሽ?» አለ በመጨረሻ። ትዝ አላለውም።

አትጠገብ ልትስቅ ይሁን ልትመታው አልታወቃትም። አምስት ሳምንት ቆዳዋን የጠበሰችበት፣ እንቅልፍ ያጣችበት፣ አርባ አርባ የሰገደችበት መሐላ ገመድ ሲጎትት የወረወረው ቀልድ ነበር። ተናደደች። ወዲያው ደግሞ ቀለል አላት፤ ያስማላት ሰው ያላስታወሰውን መሐላ ማን መጥቶ ይከስስበታል? ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ሳትለይ ጆንያው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ሰው መጣ?» አላት ቀስ ብሎ።

«የት?»

«ለቅሶዬ ላይ።»

«መጣ እንጂ። ሰኞ ገበያ ሙሉ መጣ። ከደሴ ዙሪያም ቆዳ የሚያቀብሉህ ሁሉ መጡ።»

«አልቃሽ ቆመልኝ?»

«ሁለት።»

«ሁለት!» አለ ሞላልኝ፤ ደስ እንዳለው ሊደብቅ አልቻለም። ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ። ለራሱ ይሁን ለእሷ ያለቀሰው እሱም ያወቀው አይመስልም።

ከዚያ ፊቷን ወደ ራሱ አዞረው። ሻካራ ጣቱን ጠባሳው ላይ ሊያደርግ ፈለገና እንዳይቧጥጣት ሰብሰብ አደረገው።

«ያን ጊዜ» አላት፣ «አመመሽ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። «ኧረ ምኑ...» ብላ ጀመረች፤ ሰው ስለ ሌላ ሕመሟ ሲጠይቃት እንደምትለው ሁሉ። አልጨረሰችውም። ለፊቷ ሳትሳሳ፣ ነጠላዋን ከእጁ ወስዳ ዓይኗንም ጉንጯንም አንድ ላይ ጨምድዳ ጠረገችው።

«አመመኝ» አለች። «በጣም አመመኝ፣ ሞላልኝ።»